ሁለት ሺህ ቀን ሳይጠፋ ለቆየው ሰርቨር ባለቤት

ለተከበሩ የጠጠር ተጠቃሚዎች መድረክ አስተዳዳሪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አባቴን ለሃያ አምስት ቀናት ዝም ስላሰኙልን ምስጋና ስለማቅረብ

የተከበሩ አስተዳዳሪያችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤንነትዎ እንዴት ሰነበተ፣ ያን የመኪና ባትሪ ታቅፈው ቤት ከቀየሩበት ቀን ጀምሮ የሚያምዎት ወገብዎስ ተሻለዎት ወይ ስል በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔም፣ አባቴም፣ አክስቴም ከእርስዎ ማረጋገጫ በስተቀር ምንም ሳይጎድለን ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በመድረካችን ድረ ገጽ ላይ ማውጣት ሲገባኝ በወረቀት ጽፌ፣ ማኅበራችን በተከራየው ክፍል በር ላይ፣ ከጎማ ቤቱ በላይ ባለው ደረጃ አናት፣ በአራት ስፒል መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ድረ ገጹ ከጠፋ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። እኔ ደግሞ በሙያዬ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝና ለባለቤቱ ያልደረሰ ደብዳቤ ሲኖር ምግብ አይበላልኝም።

እግረ መንገዴን፣ ጎማቸውን ሊያስነፉ መጥተው ደረጃውን በስህተት የወጡ አንባቢዎች ግራ እንዳይጋቡ ጥቂት ላብራራ። ጠጠር የኮምፒውተር ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ማለትም ከፕሮግራሞች ሁሉ በፊት ተነስቶ ኮምፒውተሩን ለሥራ የሚያበቃው ዋናው ሶፍትዌር። ሰው ሁሉ ትልልቆቹንና ታዋቂዎቹን ሲጠቀም እኛ አርባ ሦስት ሰዎች ይህን ትንሽና ግትር ነገር ወደን ይዘናል። ሲበላሽ ራሳችን እንጠግነዋለን፤ ሳይበላሽ ሲቀርም ትንሽ ቅር ይለናል። ለምን እንደምንጠቀምበት የሚጠይቀን ሰው ባገኘን ቁጥር ሁለት ሰዓት ሙሉ እናስረዳዋለን፣ ሁለተኛ የጠየቀን ሰው ግን እስካሁን የለም።

በመካከላችን አንድ ትልቅ ክብር አለ፤ እሱም ኮምፒውተርን አለማጥፋት ነው። በመድረኩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ "ሳይጠፉ የቆዩ" የሚል የክብር መዝገብ ተሰቅሎ፣ የእያንዳንዱ አባል ማሽን ስንት ቀን ሳይጠፋ እንደሠራ በተራ ይዘረዘራል። መድረኩን ራሱን የተሸከመው የእርስዎ ሰርቨር ሁልጊዜ አንደኛ ነው። ለዚሁ ክብር ሲሉ ቤት የቀየሩ ዕለት ሰርቨሩን ሳያጠፉ ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኝተው፣ ባትሪውን በጭንዎ፣ ሰርቨሩን በደረትዎ ይዘው ታክሲ ውስጥ መቀመጥዎን፣ ሹፌሩም ፈርቶ አራቱንም መስኮት መክፈቱን የማያውቅ አባል የለም። በመደበኛ ሥራዎ የሊፍት ጥገና ባለሙያ እንደመሆንዎ፣ የቆመ ሊፍት ሁሉ አጥፍተው አብርተው እንደሚያስነሱ ከታመነ ሰው ብሰማም፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

አባቴ የዚህ ክብር ተካፋይ አይደሉም። ጡረታ የወጡ የሬዲዮ ጣቢያ ቴክኒሽያን ናቸው፤ በእሳቸው እምነት ሥራውን የጨረሰ ማሽን ይጠፋል፣ አቧራ እንዳይገባበትም ጨርቅ ይለብሳል። ከሦስት ዓመት በፊት ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው በቀዶ ጥገና ሊሄድ መሆኑ ሲነገራቸው፣ አልጋ ላይ ወጥተው ከመተከዝ ይልቅ ማይክሮፎን አስመጥተው ፊደልን ከሀ እስከ ፐ አንድም ሳያስቀሩ አንብበው ቀዱ። እኔም ሁለት ዓመት ፈጅቼ፣ እሳቸው የሚጽፉትን ፊደል በፊደል እየለቀመ በገዛ ድምፃቸው የሚያነብ ፕሮግራም ሠራሁላቸው። ያላቸው ላፕቶፕ አሮጌና ደካማ ስለሆነ ከጠጠር በቀር ሌላ ነገር አይሸከምም። "ቀ" እስከ "ቆ" የተቀዱት ጉንፋን ይዟቸው ስለነበር እስከ ዛሬ በአፍንጫ ይወጣሉ። "ጨ"ን ባነበቡበት ቅጽበት ደግሞ የጎረቤት በር በኃይል ተዘግቶ ነበርና፣ አባቴ ጨው አቀብሉኝ ባሉ ቁጥር ቤታችን ውስጥ በር ይዘጋል። የበሩን ድምፅ ቆርጬ ላውጣው ብላቸው ዓይናቸውን አጉረጠረጡብኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ሰባተኛው አፕዴት፣ ማለትም እርስዎ ለጠጠር ስላወጡት ማሻሻያ፣ አመሰግናለሁ። በዕለተ ሰኞ ሁሉም አባል በአስቸኳይ እንዲጭነው አወጁ፤ እኔም ታዛዥ ነኝና በአባቴ ላፕቶፕ ላይ ጫንኩት። አባቴ እንደ ልማዳቸው ሥራቸውን ሲጨርሱ አጠፉት፣ ጨርቁንም አለበሱት። ማክሰኞ ጠዋት ሲያበሩት በጥቁሩ ስክሪን ላይ "መነሻ ዲስክ አልተገኘም" የምትል አንዲት መስመር ወጥታ ቀረች። ማሽኑ ዝም አለ፣ አባቴም አብረው ዝም አሉ።

2ኛ. ስለ ፈጣን ምላሽዎ አመሰግናለሁ። ችግሩን በመድረኩ ላይ በጻፍኩ በአራት ደቂቃ ውስጥ "በእኛ ማሽን ላይ አይታይም" ብለው ጽሑፌን ዘጉት። እውነትዎን ነው፣ አይታይም ነበር። ችግሩ የሚታየው ማሽን ጠፍቶ ሲነሳ ሲሆን የእርስዎ ማሽን ከአምስት ዓመት ተኩል ወዲህ ጠፍቶ አያውቅም፤ የሌሎቹም አፕዴቱን ከጫኑ ወዲህ አልጠፋም። አርባ ሁለት ሰዎች አፕዴቱን ጭነው፣ ማሽናቸው አንድ ጊዜ ቢጠፋ ዳግም እንደማይነሳ ሳያውቁ፣ ደረታቸውን ነፍተው ተቀምጠዋል። እንደገና ብጽፍ እንደገና ዘጉት። በሦስተኛው ግን ከነምክሩ ነበር የዘጉት፤ ኮምፒውተር ማጥፋት የተጠቃሚ ስህተት በመሆኑ አባትዎን ይምከሩ አሉኝ። መከርኳቸው። በወረቀት ጽፈው የሰጡኝን መልስ እንደ ሙያዬ "ምስጢራዊ" በሚለው ፋይል ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

3ኛ. ይህኛው ምስጋና ይረዝማልና ይታገሡኝ። የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ፣ በሌላ ከተማ ይኖራሉ። የእሳቸው ዓይን ደክሟል፣ የአባቴ ድምፅ ሄዷል፤ ስለዚህ እሳቸው የተጻፈ አያነቡም፣ አባቴም በአፋቸው አያወሯቸውም። በየሳምንቱ እሑድ ስልኩን ከላፕቶፑ አጠገብ አስቀምጠን፣ ፊደል በፊደል የሚንጠባጠበውን የወንድማቸውን ድምፅ እየሰሙ አንድ ሰዓት ሙሉ ይሳሳቃሉ። ከእርስዎ አፕዴት ጥቂት ቀደም ብሎ ሐኪሙ ለአክስቴ ዓይን የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ቆርጦላቸው ነበር፤ ይህች ቀን ካመለጠች ዓይኑ እንደማይመለስም በግልጽ ነግሯቸዋል። አክስቴ ግን ወንድማቸው በቢላዋ ምን እንዳጡ ያውቃሉና ፈሩ። እሱ ራሱ ግቢ ካላለኝ አልገባም፣ አሉ። አባቴ ይግቡ ብለዋል ብዬ ብደውልላቸው፣ አንቺማ ሐኪሙ ልኮሽ ነው ብለው ስልኩን ዘጉብኝ።

እርስዎ ጽሑፎቼን እየዘጉ ሳለ ሦስት እሑዶች አለፉ። አባቴ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዘው፣ እዚህ አለሁ ለማለት ጠረጴዛውን በጣታቸው ያንኳኳሉ። በመጀመሪያው እሑድ አክስቴ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። በሁለተኛው አሞሃል እንዴ እያሉ ደጋግመው ጠየቁ። በሦስተኛው ለረጅም ጊዜ ካዳመጡ በኋላ ድምፃቸው ተለወጠ፤ ወንድሜ ሞቷል፣ እናንተ ጠረጴዛ እያንኳኳችሁ ታታልሉኛላችሁ፣ ብለው ማልቀስ ጀመሩ። አባቴ የገዛ ራሳቸውን መርዶ በስልክ ሰሙ። እያንኳኩ ነበር፤ ባንኳኩ ቁጥር ለቅሶው ይብስ ነበር። የዚያን ዕለት እኔም አልቅሻለሁ፤ ከተከበሩ አስተዳዳሪ የምደብቀው ምንም ነገር ባለመኖሩ ይህንንም በደብዳቤው ላይ አስፍሬዋለሁ።

4ኛ. ስለ ደንብ ቁጥር አራት ያለኝ አድናቆት ከቃላት በላይ ነው። ደንቡ አንድ ችግር በይፋ የሚመዘገበው ሌላ አባል በራሱ ማሽን ላይ ደግሞ አይቶ ሲመሰክር ብቻ ነው ይላል፤ መስካሪውም ማሽኑ መቶ ቀን ሳይጠፋ የቆየ መሆን አለበት። የእኔን ችግር ደግሞ ለማየት ማሽንን ማጥፋት ግድ ነው። ያጠፋ ሰው ቀኑ ዜሮ ይሆናል፤ ቀኑ ዜሮ የሆነ ሰው ደግሞ አይመሰክርም። ይህን ያህል የጠነከረ አእምሮ ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ሲባክን መዋሉ በእውነት ይቆጨኛል።

በክብር መዝገቡ ሁለተኛ የሆነውን ልብስ ሰፊ ያስታውሱታል። አንድ ሺህ ሦስት መቶ ስድስት ቀን ነበረው። የእሑዱን ነገር እዚሁ ደረጃ ላይ አግኝቼው ነገርኩት፤ እሱም ሰምቶኝ ደረጃውን ወርዶ ሄደ። ረቡዕ ዕለት ሱቁ ድረስ አስጠራኝ። ኮምፒውተሩ በካውያውና በስፌት መኪናው መካከል፣ ራሱ የሰፋለትን ልባስ ለብሶ ተቀምጧል። ልብስ ሰፊው ልባሱን ገለጠ፣ አንገቱ ላይ ያለውን ሜትር አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ከዚያም አዝራሩን ተጫነው። አንድ ሺህ ሦስት መቶ ስድስት ቀን በአንድ ጣት ሄደ። መልሶ ሲያበራው ያቺው መስመር ወጣች፦ መነሻ ዲስክ አልተገኘም። ተቃቅፈን ዘለልን። ሱሪውን ሊያሳጥር መጥቶ አንዱ የሱሪ እግር ታጥፎለት የቆመ ደንበኛ ሎተሪ የወጣልን መስሎት እንኳን ደስ አላችሁ አለን፤ እኛም አመሰገንነው።

ሁለት ቀን ሙሉ ዲስኩን ነቅለን፣ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኝተን፣ የማስነሻውን ፋይል መስመር በመስመር አነበብን። ነገሩ ይህን ያህል ነው፤ ማስነሻው ዲስኮችን ከአንድ ጀምሮ ይቆጥራል፣ የእርስዎ ሰባተኛ አፕዴት ደግሞ ከዜሮ። አንዱ የሌላውን ዲስክ ሲፈልግ ይኖራል። አንዷን አሃዝ ቀየርን፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላም የአባቴ ላፕቶፕ ተነሳ። አባቴ አንድ ቃል ጻፉ። በሃያ አምስተኛው ቀን ከአባቴ የሰማናት የመጀመሪያዋ ቃል፣ በሬዲዮ ጣቢያው አርባ ዓመት ማይክሮፎን ሲፈትሹባት የኖሩባት "ይሰማል?" ነበረች። ልብስ ሰፊው ይሰማል አለ፣ ከዚያም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

መፍትሔውን ከልብስ ሰፊው ምስክርነት ጋር በዚያው ዕለት በመድረኩ ላይ አወጣሁ። እርስዎም የመስካሪው ማሽን ዕድሜ ዜሮ ቀን መሆኑን ጠቅሰው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ዘጉት። የአንድ ደቂቃውን መሻሻል ልብ ብዬ አይቻለሁ፣ አመሰግናለሁ።

በአራተኛው እሑድ አባቴ ደወሉ። አክስቴ ስልኩን አነሱ። ላፕቶፑ እህት ዓለም፣ ግቢ፣ አለ። አክስቴ አላመኑም። በቴፕ የተቀዳ ነገር የምናሰማቸው መስሏቸው እንደነበር በኋላ ነግረውናል። አባቴ ትንሽ አሰቡና አይዞሽ፣ እኔ ገና ኑሮዬን አልጨረስኩም ብለው ጻፉ፤ "ጨ" ላይ ሲደርስ በሩ በኃይል ተዘጋ። አክስቴ ሳቃቸው አመለጣቸው። እሱ ነው፣ በሩን ሰማሁት፣ እሱ ነው፣ እያሉ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ጠሩ። ማክሰኞ በቀጠሯቸው ቀን ወደ ቀዶ ጥገናው ገቡ። ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ ዓይናቸው በርቷል፣ ባለፈው ሳምንት የላክንላቸውን የአባቴን ፎቶ አይተው ይህ ሰውዬ ለምን አይላጭም ብለዋል።

5ኛ. በዚህ ቁጥር ሥር የጻፍኩትን አባቴ አንብበው፣ ለአስተዳዳሪ የማይጻፍ ቃል አለበት ብለው ሙሉ በሙሉ ሰርዘውታል።

6ኛ. ስለ ሁለት ሺህኛው ቀን በዓል አመሰግናለሁ። ከአሥራ አንድ ቀን በፊት፣ ቅዳሜ ዕለት፣ አርባ ሦስታችንንም ከእኔ ጋር ከመጡት ከአባቴ ጋር በዚህ ክፍል ሰብስበው፣ ሰርቨርዎን ዳግመኛ ሳያጠፉ ከነባትሪው በታክሲ ይዘውልን መጡ። መንገዱ ተዘጋግቶ ሁለት ሰዓት መቆየትዎን፣ እንደደረሱም ከግድግዳው ሶኬት ጋር ማገናኘትዎን አየን። ማሽን ማጥፋት የስንፍና ምልክት ስለመሆኑ አርባ ደቂቃ የፈጀ ንግግር አደረጉ፤ "አንዳንድ የአባላት ቤተሰቦች" ሲሉ ወደ አባቴ ማየትዎንም በክብር ተቀብለናል። በመጨረሻም ሰርቨሩ መብራት ቢሄድ እንኳ እንደማይበገር ለማሳየት ገመዱን በገዛ እጅዎ ከሶኬቱ ነቀሉ። ባትሪው ግን ያለውን ሁሉ ታክሲ ውስጥ ጨርሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ከታች ጎማ ሲነፋ ብቻ ይሰማ ነበር። ገመዱን መልሰው ሰኩ፣ አዝራሩን ተጫኑ፤ በፕሮጀክተሩ በኩል ግድግዳውን በሞላ ፊደል መነሻ ዲስክ አልተገኘም የምትለውን ወዳጃችንን አየናት። ከአባላቱ አንዱ የሆነው ጥርስ ሐኪም ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ጫማው ማሰሪያ የለውም። አባቴ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ላፕቶፓቸውን ከፍተው አንድ በአንድ ጻፉ፣ ማሽኑም በ-እ-ኛ ማ-ሽ-ን ላ-ይ አ-ይ-ታ-ይ-ም አለ። ይቅርታ ልጠይቅላቸው ብሞክር ሳቄ አላስጨርሰኝ አለ። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ እጠይቃለሁ፣ አሁንም እየሳቅኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የማኅበራችን አባላት የሚኖሩትን ኑሮ እርስዎ አያውቁትም። ሁሉም ማሽኑ ቢጠፋ እንደማይነሳ ገብቶታል፣ መፍትሔውን ደግሞ እርስዎ ዘግተውታል፣ የተዘጋውም በማይነሳው ሰርቨር ውስጥ ነው። ከአባላቱ መካከል ያለችው መምህርት ለኮምፒውተሯ ባትሪ፣ ለባትሪው ደግሞ ሌላ ባትሪ ገዝታለች። ጥርስ ሐኪሙ ሶኬቱን በፕላስተር አሽጎታል። እርስዎም በሰው በኩል ልብስ ሰፊውን መፍትሔው ምን እንደነበር አስጠይቀውት፣ እሱም ማሽኑ ገና የአሥራ ዘጠኝ ቀን ዕድሜ ስላለው በደንቡ መሠረት ምንም ለማለት እንደማይፈቀድለት በአክብሮት መመለሱን ሰምቻለሁ።

እኔ ግን ምስክር አይደለሁም፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራዬ ሰነድ ለባለቤቱ ማድረስ ነው። ስለዚህ እነሆ፤ ዲስኩን ነቅለው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይክፈቱ፣ በማስነሻው ፋይል አራተኛ መስመር ላይ ያለችውን አንድ አጥፍተው ዜሮ ይጻፉ፣ መልሰው ይሰኩ፣ ያብሩ። ዘጠኝ ዓመት የጻፍነው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ፣ የእኔ አራት የተዘጉ ጽሑፎችም አብረው አሉ። በምላሹ ካሣ አልጠይቅም። ደንብ ቁጥር አራት እንዲቀደድና ልብስ ሰፊው በክብር መዝገቡ ላይ፣ ከስሙ ትይዩ ቀን ሳይጻፍ፣ ከሁሉም በላይ እንዲቀመጥ ብቻ እለምናለሁ። እንዲያ ያለ ሰው በየቀኑ አይገኝም።

ባትሪዎ ሙሉ፣ ወገብዎ ቀና፣ ሊፍቶችዎም ታዛዥ ይሁኑልዎ እያልኩ፣ ለአራት ደቂቃ ትዕግሥትዎ ያለኝን የማያልቅ አክብሮት በድጋሚ እገልጻለሁ።

የባለ ላፕቶፑ ልጅ፣ የመድረኩ አርባ ሦስተኛ አባል

ግልባጭ፦
ለልብስ ሰፊው፣ በካውያውና በስፌት መኪናው መካከል
ለጎማ ቤቱ፣ ለተደረገልን ጸጥታ የማደፍረስ ትብብር
ለአክስቴ፣ አሁን ራሳቸው ስለሚያነቡ

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦ ሰርቨርዎ ሲነሳ መፍትሔው መሥራቱን በይፋ ከመናገር እንዲቆጠቡ አደራ እላለሁ፤ ቀንዎ ዜሮ ስለሚሆን እስከ መቶ ቀን ድረስ በራስዎ ደንብ አይታመኑም። ይህ እንዳያስጨንቅዎ በማሰብ፣ በመፍትሔው ቀድመው የተነሱት አባቴ ስለሆኑ፣ ላፕቶፓቸውን መቶ ቀን ሳያጠፉ አቆይተው እንዲመሰክሩልዎ ትናንት ማታ ለመንኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ፣ ጻፉም። ማሽኑ ለዛሬ ጨረስኩ አለ፣ በሩ ተዘጋ፣ እሳቸውም አጥፍተው ጨርቁን አለበሱት። ዛሬ ጠዋት ሲያበሩት ተነስቷል።